የኋላው እግር፦ የጁባ ሞተሮች ጎማና አሞርዛተር

ከመነዳሪው ውሃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል። አረፋው የሚወጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች፣ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው የሁለት ጣት ያህል ክፍተት። በጁባ ጉዴሌ ሠፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌሎች ሞተሮች ግን ከወዲሁ ወረፋ ይዘዋል።

የሞተሩ ባለቤት ለአንድ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ከኮኞ ኮኞ ገበያ አስቤዛ የሚያመላልስ ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ አረፋውን አየና «ጋሼ፣ ሚስማር ነው አይደል?» አለ።

«ሚስማር ቢሆን አንድ ቦታ ነበር የሚበሳው፣ የኔ ልጅ። ይሄን ቸርኬው ነው የቆረጠው።» ጎሚስታው ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ የአገራችን ሰው ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። «ትናንት ምን ጭነህ ነበር?»

«ሽንኩርት። ሁለት ጆንያ።»

«ንፋሱስ?»

«ትንሽ አስቀንሼው ነበር። ሲያነጥረኝ ወገቤን ጨረሰኝ እኮ ጋሼ።»

ሰውየው ከመነዳሪውን ትቶ ወደ ሞተሩ ሄደና በግራው አሞርዛተር ዘንግ ላይ ጣቱን አሳለፈ። ጣቱ ቀይ ጭቃ ለብሶ ወጣ። ዝናብ ከጣለ ሳምንታት አልፈዋል፤ ጭቃው ከአሞርዛተሩ የፈሰሰ ዘይት ከመንገዱ ቀይ አፈር ጋር ተለውሶ ነው። ዘይቱን የሚይዘው ፓራዎሊ አልቋል። ከዚያ በሞላው ግርጌ ያለውን ማስተካከያ ቀለበት በጨርቅ ጠረገው። ቀለበቱ የመጀመሪያው እርከን ላይ ነበር፤ ሞተሩ ከተገዛ ጀምሮ ያዞረው ሰው እንደሌለ የደረቀው አፈር ይመሰክራል።

ታሪኩ በሙሉ እዚያ አለ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ድንጋይ ወይም የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈለቃል። የቸርኬው ሁለት ከንፈሮች ከመነዳሪውን ከድንጋዩ ጋር አጣብቀው በግራና በቀኝ ይቆርጡታል፤ ቀዳዳው ጥንድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ወጣቱ ንፋስ ያስቀነሰው ሞተሩ ስለሚያነጥረው ነው፤ ሞተሩ የሚያነጥረው ደግሞ አሞርዛተሩ ስለሞተና ሞላው ለጭነቱ ስላልተስተካከለ ነው። ጎማው የራሱ ሥራ ሳያንሰው የአሞርዛተሩንም ደርቦ ይሠራ ነበር። ከዚህ በፊት ከመነዳሪውን ደጋግሞ አስለጥፏል፣ ጎማም ቀይሯል። አሞርዛተሩን ግን የነካው የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ጎማና አሞርዛተር በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዕቃ ቢሆኑም መንገድ ላይ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። በጁባ ደግሞ ያ ሥራ ከባድ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ሰው ነውና።

ለአገር ቤት አንባቢ ነገሩን ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ብዙ የከተማ ሰው ሞተርን ከሩቅ ነው የሚያውቀው። ባጃጅ ሲባልም ባለሦስት እግሩ ነው የሚታየን። በጁባ ግን የዚያው የህንድ ኩባንያ ሥራ የሆነው ባለሁለት እግሩ ቦክሰር ነው መንገዱን የሞላው። ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ የተወለደው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ ቡሲያ ላይ፣ በብስክሌት ነው። ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ ስትከፈት የኡጋንዳ ልጆች ሞተራቸውን ይዘው መጡ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የውጭ አገር ሰዎች ቦዳ ቦዳ እንዳይነዱ ሲከለከል ሥራው ወደ ደቡብ ሱዳን ወጣቶች ዞረ። እዚህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሞተር የሚይዙት በአብዛኛው ለራሳቸው ሥራ ነው፤ ለምግብ ቤት፣ ለሱቅ፣ ዕቃ ለማድረስ።

መንገዱስ? ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች አስፋልት ናቸው። ከእነሱ ዞር ሲሉ ግን ቀይ ጠጠር፣ ከዚያም ጥቁር አፈር ይመጣል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወቅት ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ ተለጥፎ አላላውስ ይላል፤ በበጋ ደግሞ ጠጠሩ ይላላና አስፋልቱ በፀሐይ ይግላል። አንድ ሞተረኛ በአንድ ጉዞ ሁሉንም ሊያገኛቸው ይችላል። ጎማው ራሱም ሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ ኡጋንዳን አቋርጦ በኒሙሌ በኩል ይገባል። ከኒሙሌ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በአሜሪካ እርዳታ ተሠርቶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀ የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም አስፋልት ነው። ይህን ሁሉ ተጉዞ የመጣ ጎማ ርካሽ ሊሆን አይችልም፤ የገንዘቡ ምንዛሪ በወረደ ቁጥርም ዋጋው ይወጣል። ሰው ጥርሱ ባለቀ ጎማ ላይ ወራት የሚጨምረው ወዶ አይደለም።

በጎማው ጎን የተጻፈው

ከስተም ገበያ ውስጥ ጎማ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳይዎት ጥርሱን ነው። እርስዎ ግን ጎኑን ያንብቡ። በቦክሰርና በመሰሎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልክ ከፊት 2.75-17፣ ከኋላ 3.00-17 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ትንሽ ጽሑፍ ግን ገዢው ቀርቶ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ለምሳሌ ከፊት «41 ፒ»፣ ከኋላ «50 ፒ» ይላል። ቁጥሩ ጎማው የሚችለው ጭነት ምልክት ነው፤ 41 ማለት 145 ኪሎ፣ 50 ማለት 190 ኪሎ። ፒ የምትለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ናት፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቱ ለጁባ አያሳስብም። ጭነቱ ግን ያሳስባል።

እስቲ በግምት እናስላ። ባዶው ሞተር ወደ 110 ኪሎ ቢመዝን ከግማሽ በላዩ፣ 60 ኪሎ ያህሉ፣ የኋላው ጎማ ላይ ያርፋል። ከ70 ኪሎ ሹፌር 45 ያህሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ተሳፋሪው የሚቀመጠው ከኋላው ጎማ በላይ ስለሆነ ክብደቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የዚያ ጎማ ነው። ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ድምሩ 170 ኪሎ ግድም ይሆናል፤ ጎማው ይችለዋል። ሁለተኛ ተሳፋሪ ሲጨመር 240 ይደርሳል፤ ከተጻፈው ልክ 50 ኪሎ ያልፋል ማለት ነው። ይህም በቆመበት ነው፤ ጉድጓድ ሲመታ ጫናው ይብሳል። ሦስት ሰው የጫነ ቦዳ ቦዳ በየመንገዱ ስናይ ጎማው ከአቅሙ በላይ እየሠራ መሆኑን ልናውቅ ይገባል፤ በተለይ ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት በሞተር የምንልክ ወላጆች።

ጭነቱን የሚሸከመው ደግሞ ላስቲኩ ብቻ አይደለም፤ ንፋሱ ነው። 190 ኪሎ የተባለው ጎማው በሚገባ ሲሞላ ነው። ለእነዚህ ሞተሮች የተለመደው ልክ ከፊት 25 ፒ ኤስ አይ፣ ከኋላ ለብቻ ሲነዱ 28፣ ሰው ሲጭኑ 32 ነው። ንፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት ልኬት አይደለም፤ ጠንካራ ጎማ በ20ም በ32ም ለጣት አንድ ነው። ትንሿ የንፋስ መለኪያ በኪስ ትያዛለች፤ ከመሣሪያ ሁሉ መጀመሪያ መግዛት ያለባችሁ እሷን ነው እላለሁ።

ንፋስ ያነሰው ጎማ ሌላም መዘዝ አለው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ይጎትተዋል፤ ቫልቮላው ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ያዘማል። ያዘመመ ቫልቮላ ካያችሁ ጎማው በአነስተኛ ንፋስ ሲነዳ ሰንብቷል። አንድ ቀን ቫልቮላው ከሥሩ ይቀደዳል፤ ያ ደግሞ አይለጠፍም፣ ንፋሱም በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። ብዙ ወጣት ጠጠርና ጭቃውን አስቦ ትልልቅ ጥርስ ያለውን ጎማ ይመርጣል። ሲያዩት ያምራል፤ በጥቁር አፈር ላይም ጭቃውን እያራገፈ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ይርቃል፣ በመታጠፊያ ላይ ጥርሶቹ ይወዛወዛሉ፣ ጋል ባለ አስፋልት ላይም ቶሎ ያልቃል። በተቃራኒው፣ ዙሪያውን በቀጥታ መስመር ብቻ የተቦረቦረ የፊት ጎማ አስፋልት ላይ ልክ እንደታዘዘ ይሄዳል፤ ጭቃ ሲገባ ግን መስመሮቹ ይሞሉና እንደ ሳሙና ይሆናል። ለጁባ የሚሻለው መካከለኛው ነው፤ መሐሉ ላይ ጥርሶቹ ተጠጋግተው፣ ወደ ጎንና ጎን የሚከፈቱ። ቀኑን ሙሉ ከአየር ማረፊያ መንገድና ከሚኒስቴሮች አካባቢ የማይወጣ ሰው የአስፋልቱን ይግዛ። ጉዴሌንና ሙኑኪን ውስጥ ለውስጥ የሚዞር መካከለኛውን። ትልልቅ ጥርስ የሚገባው ከከተማ ወጥቶ በጭቃ ለሚሠራ ብቻ ነው።

ሰፊ ጎማ የሚፈልጉም አሉ፤ በ3.00 ፈንታ 3.50 አስገጥሙልኝ ይላሉ። ጠባብ ቸርኬ ላይ የገባ ሰፊ ጎማ ጎኖቹ ተጨብጠው መሐሉ ይሾላል፤ ሰፊ ስለተገዛ ሰፊ መሬት አይነካም። ከካቴናው ጋርም ሊፋተግ ይችላል። ፋብሪካው ያለውን ልክ መግዛት ይበቃል።

ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጋር የተቀረጹት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ 2322 ካለ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በጁባ ፀሐይ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ዓመታት የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፤ ጎኑን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ይታያሉ። ያን አትግዙ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን። አሮጌ ጎማ በቢላ ተቦርቡሮ ጥርስ ሲወጣለት ካያችሁም ሽሹ፤ የተቆረጠው ጎማውን የሚይዘውን ድርና ማግ የሚሸፍነው ላስቲክ ነው። ያለውን ጎማ መቼ መጣል እንዳለባችሁ ደግሞ ራሱ ይነግራችኋል። በጥርሶቹ መካከል በቦረቦሩ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከጉብታዎቹ ጋር ሲስተካከል ጊዜው አብቅቷል። የመጀመሪያው የሚያዝያ ዝናብ የበጋውን አቧራና ዘይት አስፋልቱ ላይ ሲለውሰው ጥርሱ ባለቀ ጎማ መገኘት አደገኛ ነው፤ ጎማ የሚቀየረው ከዚያ ዝናብ በፊት ነው።

አዲስ ጎማ ሲገባ አዲስ ከመነዳሪ ይግባ። አሮጌው ተለጥጦ ስለሰፋ አዲሱ ውስጥ ይታጠፋል፤ የታጠፈበት ቦታ ይቀደዳል። የራጂዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ካረጀ ይቀየር። በጎማው ጎን ያለው ቀስት ወደ ፊት እንዲዞር ይግባ። ንፋስ ከተሞላ በኋላ በቸርኬው ጠርዝ ዙሪያ ያለችው ቀጭን መስመር በሁሉም በኩል እኩል መታየት አለባት፤ አንድ ቦታ ከጠለቀች ጎማው በትክክል አልተቀመጠም፣ ሲነዱም ይንቀጠቀጣል። አዲስ ላስቲክ የፋብሪካ ልስላሴ ስላለው የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ይነዳ።

ማንም የማያዞረው ቀለበት

ጎሚስታው ለወጣቱ የነገረው ዋናው ነገር ግን ስለ ጎማ አልነበረም። አዲሱ አሞርዛተር በግራም በቀኝም ከገባ በኋላ፣ ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁሞ፣ ከኋላው ጎማ ቡሎን እስከ ኮርቻው ጭራ ያለውን ርቀት በሜትር ለካ። ከዚያ ሞተሩን ከመቆሚያው አውርዶ ወጣቱን አስቀመጠና ደግሞ ለካ። ልዩነቱን በእንጨት ላይ ምልክት አደረገ።

የዚህ ሞተር የኋላ እግር ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀሰው በአጠቃላይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ከዚያ ውስጥ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ፣ ማለት 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ቢወርድ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ለጉድጓድ የሚቀር ቦታ የለውም፤ ሞላው ተጨምቆ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል። ከዚያ በታች ከወረደ ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ላይ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬት መከተል አይችልም፤ ይዘላል፣ በዘለለበትም ፍሬን የለም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ቀለበቱን ሲያዞሩ ሞላው «ይጠነክራል» ይባላል። አይጠነክርም። ያው ሞላ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጭመቅ የሚፈልገው ኃይል በመጀመሪያውም በአምስተኛውም እርከን እኩል ነው። ቀለበቱ የሚያደርገው ሞላውን ከመነሻው አስቀድሞ መጨመቅ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ጭነት ሞተሩ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ለጉድጓዱ የሚቀረው ርቀትም ይጨምራል። ይህን የተረዳ ሰው ቀለበቱን በምቾት ሳይሆን በጭነት ያዞረዋል፤ ለብቻ ሲነዳ ሁለተኛው፣ ሰው ሲጭን አራተኛው፣ ጆንያ ሲጭን አምስተኛው እርከን። የሁለቱም ጎን ቀለበት እኩል ይሁን፤ ከተለያየ የኋላው እግር ይጣመማል። ከማዞራችሁ በፊት አሸዋውን በብሩሽ ጥረጉት፤ ካለበለዚያ እርከኑን ይበላዋል። ማዞሪያው ሞተሩ ሲገዛ በመሣሪያ ከረጢት ውስጥ የሚመጣው ማጭድ የመሰለ ቁልፍ ነው፤ ብዙዎች ለምን እንደተሰጣቸው ሳያውቁ ጥለውታል።

ንዝረቱን የሚያረጋጋው ደግሞ ሞላው ሳይሆን በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ዘይቱ የሚስተካከልበት መንገድ የለም። ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ኮርቻውን ከኋላ በኃይል ተጭናችሁ ልቀቁት። አንዴ ወጥቶ ከረጋ ደህና ነው። ደጋግሞ ከዋለለ ዘይቱ ሞቷል፤ ቀለበት ማዞር አይመልሰውም። አሞርዛተር ሲቀየርም በጥንድ ነው። ከሌላ ሞተር የመጣ ረዘም ያለ አሞርዛተር ማስገባት በጁባ የተለመደ ነው፤ ጭነት ይችላል ይባላል። እኔ አልመክረውም። ጭራው ሲነሳ የፊቱ እግር ይቆማል፣ መሪውም በጠጠር ላይ ይቅበዘበዛል።

ቀለበቱ ሲዞር ሌሎች ነገሮችም አብረው ይዞራሉ። የኋላው እግር ከፍ ዝቅ ሲል የካቴናው መላላት ይለወጣል፤ ስለዚህ ካቴናው ሰው ተቀምጦም ይታይ። መብራቱም እንዲሁ። ኋላው ዝቅ ያለ ሞተር መብራቱን ወደ ላይ ያነሳና ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋዋል፤ የመንገድ መብራት በሌለበት ሠፈር ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው። ከሁሉ የከፋው ከኮርቻው ኋላ በብየዳ የሚቀጠለው የዕቃ መጫኛ ነው። ከኋላው ጎማ አልፎ የተጫነ ክብደት ኋላውን ከመጫን አልፎ ፊቱን ያነሳል፤ የፊት ፍሬንና መሪ የሚሠሩበትን ክብደት ይወስዳል። ሽንኩርቱ ወደ ሹፌሩ ወገብ ተጠግቶ ቢታሰር ያው ሁለት ጆንያ ሌላ ጭነት ይሆናል። ወጣቱም ይህን ሲሰማ «መጫኛውን ላሳጥረው?» ብሎ ጠየቀ። «አሳጥረው፤ ዛሬውኑ» አለው ጎሚስታው።

በኒሙሌ አስፋልት ረጅም የሚነዱም አሉ፤ ሞተር ሙሉ ዕቃ ጭነው፣ በቀን ሙቀት። ለእነሱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መንገድ ላይ ቆማችሁ የኋላውን ጎማ ዳስሱት። እጃችሁን ማቆየት እስኪያቅታችሁ ከጋለ፣ ብዙ ሰው ንፋሱ በዝቶ ነው ብሎ ያስተነፍሰዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጎማ የሚግለው ንፋሱ ለጭነቱ አንሶ ጎኖቹ በየዙሩ ሲተጣጠፉ ነው፤ ሲያስተነፍሱት የበለጠ ይተጣጠፋል፣ የበለጠ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ከጋለ ጎማ ንፋስ አይቀነስም። ጥላ ፈልጋችሁ እስኪበርድ ጠብቁት፣ ከጭነቱ ላይ የምትችሉትን በመኪና ለሚያልፍ ሰው አስይዙ፣ ከበረደ በኋላ ንፋሱን ለክታችሁ እስከ 32 ሙሉት፤ ቀሪውን መንገድም ፍጥነት ቀንሳችሁ ሂዱ።